ሁለተኛውን ካሴት አሳዪው

እህቴ፣ ከየካ አባዶ የጻፍሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ ሌሊቱን የማፊያ ፊልም ሲያይ ያድራል፣ ቀን ቀን ጆሮው ላይ የድሮ ሮክ ሰክቶ ይውላል። እናታችን የሰይጣን ዘፈን ነው እያለች ታለቅሳለች። ልከልክለው ወይስ ልተወው? ከተውኩትስ የትኛውን ቢያይ ይሻላል?» ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ሰዎች ገሚሱ «ስልኩን ቀሚው» ብሎሻል፤ ገሚሱ የፊልም ስም ደርድሮልሻል። እኔ ልጅነቴ በዚሁ ነገር ውስጥ ስላለፈ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

አትከልክይው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አብረሽው እዪ። ለምን እንዲህ እንደምልሽ ልንገርሽ።

ያደግኩት አቃቂ ነው። በ1986 እና በ87 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት መልስ ሰፈራችን ባለ አንድ ቪዲዮ ቤት እሠራ ነበር። በር ላይ ሳንቲም እቀበላለሁ፣ ካሴት አጠነጥናለሁ፣ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የፊልሙን ስም እጽፋለሁ። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በጆንያ ስለተደፈነ ቀኑም ሌሊት ነው። ፊት ለፊት 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ሥሩ ካሴቱን የሚያጫውተው ዴክ፣ ከዚያ ወዲህ እስከ በሩ ድረስ አግዳሚ ወንበር ብቻ። መግቢያው 50 ሳንቲም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅ ቆሞ የሚያየው ከተቀመጠው ይበዛል።

ያ ተመልካች አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበረው፦ አክተር አይሞትም። ዋናውን ሰው «አክተሩ» ነበር የምንለው። በሕንዱም በካራቴውም ፊልም ቢደበደብ፣ ቢታሰር፣ ገደል ቢገባ መጨረሻ ላይ ተነስቶ ይበቀላል። ስካርፌስ የመጣ ቀን ምን ሆነ መሰለሽ? አል ፓቺኖ ቶኒ ሞንታናን ሆኖ የሠራበት፣ በፈረንጅ 1983 የወጣው ነው። ከኩባ ባዶ እጁን ማያሚ የገባ ስደተኛ በኮኬይን ይከብርና መጨረሻ ላይ ከጀርባው ተመትቶ ገዛ ቤቱ ውስጥ ካለ ገንዳ ይወድቃል። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። «ፓርት ቱ አለው! ደብቃችሁት ነው!» ብለው ገንዘባቸውን የጠየቁኝ ነበሩ። ውኃ ላይ ተንሳፍፎ እያዩት መሞቱን አልተቀበሉም።

የከፋው ግን የአንድ ማፊያ ቤተሰብ ታሪክ የሆነው የጎድፋዘር ነገር ነው። ፊልሙ 175 ደቂቃ ስለሚፈጅ እኛ እጅ የገባው ቅጂ በሁለት ካሴት ነበር። ሁለተኛውን ዴኩ በላው፤ ክሩ ተጠምጥሞ ተበጠሰ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሌላ አልገዛም። እኛም አንደኛውን ብቻ እያሳየን ከአንድ ዓመት በላይ ቀጠልን።

አንደኛው ካሴት የሚያልቀው የማፊያው አለቃ ልጅ ማይክል ኮርሊዮኒ ሬስቶራንት ውስጥ ሁለት የአባቱን ጠላቶች ከገደለ ጥቂት ቆይቶ ነው። ያን ትዕይንት አስታውሺልኝ። ማይክል ሽጉጡን ይዞ ከመጸዳጃ ቤቱ ይመለስና ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዱ ያወራል፤ ማይክል እየሰማው አይደለም፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። በዚህ መሐል የባቡር ድምፅ ይመጣል። እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ ጥርስ የሚያስነክስ ሲጥሲጥታ ይሆንና ያኔ ይተኩሳል። የጅቡቲው ባቡር ያኔ በአቃቂ በኩል ያልፍ ስለነበር፣ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የእኛው ባቡር መስሎኝ ጆንያውን ገልጬ ወደ ውጭ አየሁ። ውጭ ምንም የለም። ቴሌቪዥኑ ላይም ባቡር የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው። የፊልሙን ድምፅ ያሰናዳው ዋልተር መርች የሚባል ሰው ነው፤ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ጩኸት በባቡር አሰማን። ሰው ለመግደል የተቀመጠ ልጅ ውስጡ ምን እንደሚመስል ከዚያ በላይ የነገረኝ ፊልም የለም።

ልጆቹ ግን ያዩት ሌላ ነው። ሱፍ የለበሰ፣ ዝምተኛ፣ ሁለት ሰው ገድሎ ሽጉጡን ጥሎ የሚወጣ ጎረምሳ። ካሴቱ ያልቃል፣ መብራት እናበራለን፣ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ ዝግ ብሎ መናገር ጀመረ። ሰፈሩም «ማይክል» አለው። ቆይቶ ትምህርቱን ተወ፣ ገበያ ውስጥ ነጋዴ ከሚያስፈራሩ ልጆች ጋር ገጠመ፣ በአንድ ጠብ ሰው ወግቶ ታሰረ። ፊልም ብቻውን ሰው ያሳስራል አልልም፤ ቤታቸው ብዙ ችግር ነበረ። ግን ያን ፊልም ሃያ ጊዜ ያህል አይቶ ሃያውንም ጊዜ ያየው ግማሹን ነው። ካሴቱን የማስገባው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

አሁን ወንድምሽ ስልኩ ላይ የሚያየውን ልብ በዪ። ቲክቶክ ላይ ቶኒ ሞንታና ትልቁ ወንበሩ ላይ ሲጋራውን ይዞ፤ ማይክል እጁን ሲያስስም፤ ከሥሩ ልብ የሚመታ ሙዚቃ፣ ከላይ «ማንንም አትመን» የሚል ጽሑፍ። 30 ሰከንድ። ያ አንደኛው ካሴት ነው፤ ያውም ከአንደኛውም የተቆረጠ። ስለዚህ ስልኩን ብትቀሚው የሚቀርበት ቀሪው ፊልም ነው፤ ቁርጥራጩንማ ከጓደኞቹ ስልክ ያየዋል።

እኔ ሙሉውን ያየሁት በ1993 ዓ.ም. ነው። ሲዲ ተውሼ እቤት ከፈትኩት፤ እናቴ አጠገቤ ምስር ትለቅማለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ አልፎ አልፎ ቀና እያለች «ምን አለ?» ትለኛለች፣ እተረጉምላታለሁ። ሰርጉን ወደደችው። የማይክል አባት ዶን ኮርሊዮኒ ውጭ ሴት ልጁ እየተዳረች እሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው አቤቱታ ሲሰማ አየችና «ልጁን በሚድርበት ቀን የመጣበትን ሰው እንዴት ይመልሳል!» አለች። ሲሲሊዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ አለ። እሷ ግን ሳልተረጉምላት ነው ያለችው።

ከዚያ ክርስትናው መጣ። ማይክል የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል። ቄሱ «ሰይጣንን ትክዳለህን?» ይለዋል፤ «እክዳለሁ» ይላል፤ በዚያው ቅጽበት የላካቸው ሰዎች በየቦታው ይገድላሉ። ምስሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ደሙ፣ ከደሙ ወደ ሕፃኑ ይመላለሳል፤ ኦርጋኑ አያቋርጥም። እናቴ እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። «የማንን ልጅ ነው ያነሳው?» አለችኝ። «የእህቱንና የካርሎን» አልኳት። ካርሎ በዚያው ቀን በማይክል ትእዛዝ መኪና ውስጥ ሲታነቅ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው።

«አበልጁን?» አለች። «ክርስትና አንስቶለት ሳያድር፣ አበልጁን?»

ተነስታ አማተበችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ስም ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ጎድፋዘር ማለት እኮ የክርስትና አባት ማለት ነው። እኛ ደግሞ አበልጅ የሚል ቃል አለን፤ ከሥጋ ዝምድና የማይተናነስ፣ ጋብቻ እስከ መከልከል የሚደርስ ዝምድና ነው። ማይክል የወደቀው ሬስቶራንቱ ውስጥ አይመስለኝም፤ እዚያ አባቱን ሊያድን ነበር። የወደቀው ሕፃን ፊት ቆሞ እክዳለሁ ሲል ነው። ከዚያ ሚስቱ «እውነት ነው ወይ?» ስትለው ዓይኗን እያየ ይዋሻታል፣ በሩም ፊቷ ላይ ይዘጋል። የሰፈራችን ልጅ ይህን በር አላየውም።

በ1974 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ከሳምንት በኋላ አሳዪው። እዚያ ማይክል ገንዘብም ሥልጣንም ሞልቶለት ብቻውን ሲቀመጥ ታገኙታላችሁ፤ እንዴት እንደደረሰ አልነግርሽም። አባትየውን በወጣትነቱ የሚሠራው ሮበርት ደኒሮ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል አባትየውን የሠራው ማርሎን ብራንዶም ደኒሮም በዚያው በአንዱ ገጸ ባሕርይ ነው ኦስካር ያገኙት። ስካርፌስን ወደ መጨረሻ አቆዪው። መጥፎ ፊልም ስለሆነ አይደለም፤ ግን ሀብቱ ከውድቀቱ ይልቅ ያብረቀርቃል፣ 17 ዓመት ላይ ያለ ልጅ ብልጭልጩን ቀድሞ ነው የሚያየው።

ወደ ሮኩ ልምጣ፤ ምክንያቱም ሁለቱ አንድ ናቸው። እኔ ሮክን ያወቅኩት ከዳይሬክተሩ ከማርቲን ስኮርሴዚ የወንበዴ ፊልም፣ ከጉድፌላስ ነው፣ የ1990 ፊልም። አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ትልቅ ዘረፋ በኋላ የተገደሉት ሰዎች አስከሬን በየተራ ይገኛል፦ ሮዝ ካዲላክ ውስጥ፣ የቆሻሻ መኪና ውስጥ፣ የሥጋ መኪና ውስጥ በረዶ ሆኖ። ከሥሩ የሚሄደው ግን ለስለስ ያለ፣ የሚያባባ ፒያኖ ነው። ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ላሉት ለሌሎቹ የሚያዛጋ ቦታ ነበር። እኔ ግን በሚቀጥለው ቀን ቴፕ ይዤ መጥቼ ስፒከሩ ሥር አስቀመጥኩና ቀዳሁት። ያን ካሴት ይዤ በአውቶቡስ ፒያሳ ሄድኩ፣ አንድ ካሴት ቤት። ሰውየው አሥር ሰከንድ እንኳ ሳይሰማ «ሌይላ ነው» አለኝ። ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ የሚባል ባንድ ዘፈን፣ 1970፤ ጊታሩ ኤሪክ ክላፕተንና ዱዌን ኦልማን። ስሙ ከጥንቱ ከሌይላና መጅኑን የፍቅር ታሪክ የተወሰደ ነው። ሙሉውን ስሰማው ደነገጥኩ፤ ፊልሙ ላይ ያለው ፒያኖ የዘፈኑ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ የሚጮህ፣ የሚለምን ጊታር ነው፤ ስኮርሴዚ ጩኸቱን ትቶ ጩኸቱ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው ያመጣው። ሬሳዎቹ ላይ!

ወንድምሽ ጆሮው ላይ ሰክቶ ከዋለ አይቀር ጊሚ ሼልተር የሚባለውን የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ዘፈን ይስማ። በ1969፣ የቬትናም ጦርነት በተጋጋለበት ጊዜ የወጣ ነው፤ ስኮርሴዚ በሦስት የወንበዴ ፊልሞቹ ተጠቅሞበታል። አብራ የምትዘፍነው ሜሪ ክሌይተን ነፍሰ ጡር ሳለች በእኩለ ሌሊት ከቤቷ ተጠርታ ነው ስቱዲዮ የገባችው። ወደ ሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ድምፅዋ ሲሰነጠቅ ይሰማል። አላስተካከሉትም፣ እንዳለ ተዉት። ያን ስንጥቅ ፈልጎ ያገኘ ልጅ ሙዚቃ መስማት ጀምሯል ማለት ነው።

ለእናትሽ ደግሞ ቀስ ብለሽ ንገሪያት። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው ለእኛ ርዳታ የዘፈኑት እነዚሁ የሮክ ሰዎች ናቸው፤ ኩዊንም፣ ዴቪድ ቦዊም፣ ሌድ ዜፕሊንም ነበሩ። ከዚያ በፊት «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብለው የዘፈኑት ያናድደኛል፤ ገናን ለእኛ የሚያስታውስ ሰው አያስፈልገንም ነበር። ቢሆንም ሰዎቹ የሰይጣን አገልጋዮች ናቸው ማለት በደል ነው። ዓለማየሁ እሸቴን ትወዳለች? «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለው እኮ በዚሁ በሮክ ነው።

ሌላም አለ። እኛ ሰፈር ክራር የሚመቱ አባት ነበሩ፤ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። የሌይላን መግቢያ አስሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ክራሩን አንስተው ቅኝቱን አስተካክለው መልሰው መቱት። «ይሄማ ባቲ ነው» አሉ። በኋላ ጊታር ስማር ትክክል እንደነበሩ አወቅኩ፤ የሮክ ጊታሪስት ሶሎ የሚጫወትባቸው አምስት ድምፆች፣ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት፣ የእኛው ባቲ ማይነር ነው። ወንድምሽ ባዕድ ነገር ውስጥ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ ጆሮው የሚያውቀውን አግኝቶ ነው። ከቻልሽ ያገለገለ ጊታር ፈልጊለት።

እንግዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናታችሁም ባለችበት ጎድፋዘርን ክፈቱት። ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቡና አፍሉ፤ መብራት ከጠፋ ካቆማችሁበት ቀጥሉ እንጂ ለሌላ ቀን አትተዉት። ክርስትናው ላይ ስትደርሱ እናትሽን ምንም አታስረጃት፤ ሕፃኑ የማን እንደሆነ ብቻ ንገሪያት። ፊልሙ ከሌለሽ ፍላሽ ይዘሽ ቱሉ ዲምቱ ብቅ በዪ፣ እገለብጥልሻለሁ። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ቶሎ አታጥፊው፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ ወንድምሽ ይቀመጥ።