የሰሎሞን ዘር ትውፊት፣ ሃይማኖታችንና የልጅዎ ጋብቻ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። ነገሥታቶቻችን ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥት ማክዳ እንደሚወለዱ እየሰማሁ አድጌአለሁ። አሁን ግን አንዱ ታሪኩ ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ የተፈጠረ ነው ይላል፤ ሌላው ንግሥቲቱ የየመን እንጂ የእኛ አይደለችም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ እውነተኛዎቹ እስራኤል እኛ ብቻ ነን ይላል። ኅዳር ጽዮንን ሳከብር እንኳ ልቤ ይታወካል። በዚህ ላይ አጎቴ «እኛ የሰሎሞን ዘር ነን» በማለት ልጄ የሸማኔ ልጅ እንዳታገባ ከልክለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበሩ እኅታችን፣ ያነሷቸው ነገሮች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የሥጋ ዘር በእግዚአብሔር ፊት ምን ዋጋ አለው ከሚለው ጥያቄ ይበቅላሉ። ስለዚህ አስቀድመን ቅዱስ መጽሐፍ ያለውንና ትውፊት የጨመረውን ለይተን እንያዝ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሳባ ንግሥት ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች፣ 120 መክሊት ወርቅ ሰጠችው፣ እርሱም የፈለገችውን ሁሉ ሰጣት፣ ወደ አገሯም ተመለሰች። ስሟ አልተጻፈም፤ ስለ ልጅም የተነገረ ነገር የለም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ንግሥተ ዓዜብን ያመሰገናት ጥበብን ለመስማት ከምድር ዳር ስለ መጣች ነው። ማክዳ የሚለው ስም፣ የምኒልክ መወለድና የታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም መምጣት በሰፊው የተተረኩት በክብረ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በአባቶቻችን ዘንድ እጅግ የከበረ ቢሆንም ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም፤ በየቅዳሴው በምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖትም ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ አንድም ቃል የለም። ይህን የምለው መጽሐፉን ለማቃለል አይደለም፤ በቦታው ሲቀመጥ ክብሩ ይጠበቃል፣ እምነትዎም ባልተሸከመው ነገር አይናወጥም።

ታሪኩን ይኩኖ አምላክ ፈጠረው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ይዟል፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ከፍጹም ሐሰት ይልቅ ሰውን ያደናግራል። ይኩኖ አምላክ ከዛጔ ነገሥታት ዙፋኑን ወስዶ የነገሠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1270 ነው፤ በእጃችን ያለው የግዕዙ ክብረ ነገሥትም በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ይስሐቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ከዐረብኛ እንደ መለሰው መደምደሚያው ይናገራል። መደምደሚያው በዛጔ ዘመን ያልተተረጎመበትንም ምክንያት አይሸሽግም፤ መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ሊነግሡ አይገባም ስለሚል ነው። እንግዲህ መጽሐፉ አዲሱን ቤተ መንግሥት እንደ ደገፈ መካድ አይገባንም። ነገር ግን ትረካው በዚያ ዘመን ተፈጠረ ማለት ሌላ ነገር ነው። ከ1270 በፊት፣ ዛጔዎች ገና በዙፋን ሳሉ፣ በአቡ ሳሊሕ ስም የሚታወቀው የግብፅ ክርስቲያኖች መጽሐፍ የሐበሻ ሰዎች ታቦተ ሕጉ በእጃቸው እንዳለና ከዳዊት ቤት የሆኑ ሰዎች እንደሚያገለግሉት ጽፏል። በሰው ዘንድ ይነገር የነበረ ትውፊት ለዙፋን መደገፊያ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲወገድ ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ ሃይማኖታችን በዘውዱ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ አብሮ በወደቀ ነበር።

ስለ ንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ብዙ ሰው ስለማያስብ ጥቂት ልቆይባቸው። ኢዛና ከማመኑ በፊት በጻፋቸው ራሱን «የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ» ይል ነበር፤ ማሕረም የጦርነት ጣዖት ነው። ካመነ በኋላ ግን የድሉን ምስጋና ለሰማይ ጌታ ሰጠ፤ የእልለ ዓሚዳ ልጅ መሆኑን ብቻ አስቀርቶ የአምላክ ልጅነት ትምክሕቱን ተወ። የሰሎሞን ልጅ ነኝም አላለም። ዝምታው ትውፊቱን ያፈርሳል አልልም፤ ነገር ግን ወደ ክርስትና ከገቡት ነገሥታቶቻችን የመጀመሪያው በማመኑ ያገኘው ነገር የሚበልጥ የዘር ማዕርግ ሳይሆን ከዘር ትምክሕት መላቀቅ እንደ ነበር ሳስብ ልቤ ይነካል።

የመንን በሚመለከት፣ ኢዛና በማዕርጉ ውስጥ ሳባንና ሕምያርን ከአክሱም ጋር ይቆጥራል፤ ከእርሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊትም በየሐና በውቅሮ አቅራቢያ በመቃብር ጋዕዋ በሳባ ፊደል የተጻፉ ድንጋዮችና የሳባውያን መቅደሶች ነበሩ። ቀይ ባሕር በዚያ ዘመን የሚያገናኝ መንገድ ስለ ነበረ «ወይ የእነርሱ ወይ የእኛ» ብሎ መከራከር የጥንቱን ዘመን በዛሬ ድንበር መለካት ነው።

«እውነተኛዎቹ እስራኤል እኛ ብቻ ነን» ለሚለው ግን አጥብቄ እመልሳለሁ፤ ይህ የታሪክ ስሕተት ብቻ ሳይሆን የነፍስ በሽታ ነውና። መጥምቁ ዮሐንስ እግዚአብሔር ከድንጋዮች ለአብርሃም ልጆችን ሊያስነሣ እንደሚችል ለትምክሕተኞች ነገራቸው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም የእግዚአብሔር ልጆች ከደም እንዳልተወለዱ ጻፈ። ሐዋርያው ጳውሎስ አንዳንዶች መጨረሻ የሌለውን የትውልድ ቆጠራ እንዳያደምጡ እንዲያዝዛቸው ለጢሞቴዎስ የነገረው በከንቱ አይደለም። የሕንደኬ ጃንደረባም በጋዛ መንገድ ላይ ሲጠመቅ ፊልጶስ የማን ዘር ነህ ብሎ አልጠየቀውም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ያደረገችውን ይመልከቱ። ክብረ ነገሥት ከእስራኤል ወገን አይደሉም ያላቸውን የዛጔ ነገሥታት፣ ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን፣ ቅዱሳን ብላ ትጠራቸዋለች፤ በልደትም ሕዝቡ ከየአገሩ ወደ ላሊበላ ይጓዛል። ክብረ ነገሥትን ያከበሩት አባቶች እነዚህንም ነገሥታት አክብረዋል፤ ሚዛናቸው ደም ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በአንድነት ሊጸኑ አይችሉም ነበር።

ስለዚህ ኅዳር 21 ቀንን ያለ ሐሳብ ያክብሩ። የሚያከብሩት የእግዚአብሔርን ቃል ኪዳን ነው፤ ቃሉ የተጻፈበትን ጽላት የያዘችው ጽዮንም የእመቤታችን ምሳሌ ናት። ይህን ለማክበር የማንንም ንጉሥ ሐረግ መመርመር አያስፈልግዎትም።

አጎትዎን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ አንድ ቁጭ ብለው አብረዋቸው ያንብቡ። ያ ረጅም ሐረግ በኢያሪኮይቱ ራኬብና በእንግዳይቱ ሩት በኩል ወደ ዳዊትና ወደ ሰሎሞን ወርዶ እስከ ዮሴፍ ይደርሳል። መልአኩ «የዳዊት ልጅ» ብሎ የጠራው ይህ ዮሴፍ እንጨት ጠራቢ ነበር፤ የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ብለው የናቁትም በዚሁ ሥራ ነው። እንግዲህ አጎትዎ የሚመኩበት የሰሎሞን ቤት ራሱ በእጁ ሥራ የሚያድር ቤት ሆኖ ነበር። እርስዎ ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙበት ነጠላም የሸማኔ እጅ ሥራ መሆኑን ያስታውሷቸው፤ ነገር ግን አክብረው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይንገሯቸው፤ ታላቅዎ ናቸውና።

ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ ዘር የምታስቆጥረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት ነው። ይህንን ከሁለቱም ወገን በጥንቃቄ ያስቆጥሩ፤ ዝምድና ካልተገኘና ሁለቱም በፈቃዳቸው በአንድ ሃይማኖት ለቅዱስ ቍርባን የሚዘጋጁ ከሆነ፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ይሂዱ። አጎትዎንም አብረዎት እንዲሄዱ ይለምኗቸው፤ እምቢ ቢሉ እንኳ የሠርጉን ቀን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በቤቱም የአባት ወንበር ይጠብቃቸው።