የጀመርኩት ልብ ወለድ መሃል ላይ ይቆምብኛል

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ረጃጅም ልብ ወለዶች ጀምሬ አንዱም ከሠላሳ ገጽ አልዘለለም። ሐሳብ አላጣም፤ መሃል ላይ ግን ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?
(ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ሠላሳኛው ገጽ ላይ መቆምዎ የተሰጥኦ ማነስ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ባለታሪኩ ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር መተረክ ብቻ ያስኬዳል። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን የሚገፋው የሰውየው ፍላጎት ነው። ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያግደው ካልወሰኑ፣ የሚጻፍ ነገር ያልቃል።

ረጅሙን ለጊዜው ያቆዩትና ከ1,200 እስከ 1,500 ቃል የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ይጻፉ፤ አንድ ባለታሪክ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ። ለምሳሌ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ይያዙ። እስከ ምሽት የልጇን መድኃኒት መግዣ ማግኘት አለባት። በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ እንደሚመጣ የከተማው ሰው ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ዕቃዋን ብታነሳ መድኃኒቱ ይቀራል፣ ብትቆይ ዕቃው ይሄዳል። እንዲህ ያለ ምርጫ ካለ ታሪኩ መሃል ላይ አይቆምም።

በቀን 250 ቃል ይበቃል። በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ አእምሮ ስለሚዝል ማለዳ፣ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ይጻፉ። በስድስት ቀን የመጀመሪያው ረቂቅ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰው አያርሙ፤ ብዙ ሰው ሳይጨርስ የሚቀረው የመጀመሪያውን ገጽ ሲያሳምር ነው። የዕለቱን ሥራ ሲያቆሙም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እያወቁት ያቁሙ፤ ነገ ባዶ ወረቀት ላይ አያፈጡም።

ረቂቁን ለአንድ ሳምንት ከዓይንዎ ያርቁት፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቡት። ስለ ፀሐይ መውጣትና ስለ ወፎች የሚያወራ የመጀመሪያ አንቀጽ ካለ ያውጡት፤ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በ«ነበር» የሚዘጋ ከሆነም ጆሮ ይሰለቻል። «በሩን ከፍታ ገብታ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር» ያሉት «በሩን ከፍታ ገባች፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች» ቢሆን ሴትዮዋ ፊት ለፊታችን ትንቀሳቀሳለች።

ጥያቄ፦ ባለታሪኮቼ ሐረሪ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። እንዳለ ስጽፈው የሌላ አገር አንባቢ አይገባውም፤ ሳጠራው ደግሞ ሰዎቹ የእኛ አይመስሉም።
(ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ እህታችን፣ አታጥሪው፤ ቀንሺው እንጂ። በአንድ ንግግር ውስጥ አንድ የሌላ ቋንቋ ቃል ይበቃል። ሰው በልማድ የማይተረጉመውን ምረጪ፦ አጠራር፣ መሐላ፣ ምግብ፣ የቤት ውስጥ ነገር። «ነደባው ላይ ወጥታ ትራሱን ተደግፋ ተቀመጠች» ብትይ፣ ሐረሪ ቤት ገብቶ የማያውቅም ከፍ ያለ መቀመጫ መሆኑ ይገባዋል። ቅንፍ ውስጥ ፍቺ አትጨምሪ፤ አንባቢውን ከታሪኩ ያስወጣዋል። «አቦ»ንም በየመስመሩ መበተን የአካባቢውን ሰው አያመጣውም።

ከቃሉ ይልቅ ሰው ቋንቋ የሚቀይርበትን ቅጽበት አጥብቀሽ ያዢ። አንዲት ነጋዴ ከገጠር ለመጣው ገበሬ በኦሮምኛ፣ ለእናቷ በሐረሪ፣ ቢሮ ስትገባ በአማርኛ ትናገራለች። ይህቺው ሴት አንድ ቀን ለእናቷ በአማርኛ ብትመልስ፣ መኳረፋቸውን መግለጽ አያስፈልግሽም። «በአማርኛ መለሰችላት» ብቻ ይበቃል። የሌላውን ቋንቋ አጻጻፍ ደግሞ አፉን የፈታበት ሰው ይይልሽ፤ አንድ የተሳሳተ ቃል የአገሬውን አንባቢ እምነት ያሳጣሻል።

ጥያቄ፦ ያላስመዘገብኩትን ታሪኬን አንድ ሰው በራሱ ስም ቢያወጣው መብት አለኝ?
(ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ አለዎት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የሚጠበቀው ግን ሐሳቡ ሳይሆን የተጻፈበት መልክ ነው። ክርክር ከተነሳ ማስረጃ ያስፈልጋልና ረቂቆቹን አይጣሉ፤ የተጠናቀቀውንም ቀኑ እንዲታወቅ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ። ከአሳታሚ ጋር ሲስማሙ የቅጂው ብዛትና ዘመኑ በጽሑፍ ይስፈር። «ማንኛውም መብት» የሚል ሐረግ ካዩ ሳያስለውጡ አይፈርሙ፤ የትረካና የፊልም መብትዎም አብሮ ሊሄድ ይችላል።