ያባሰው መድኃኒቱ ነው

አንዲት እህቴ ከድሬ፣ ከከዚራ ጽፋልኛለች። የግቢዋ ጽጌረዳ ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል ነጠብጣብ ሞልቶበት፣ ገርጥቶ ይረግፋል። የተባይ መድኃኒት ሁለቴ ረጨች፣ ጭራሽ ባሰበት። ሐረር ያለችው ታላቋ ደግሞ የራሷ ጽጌረዳ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ነግራት «በሽታው አንድ ነው» ብላታለች።

አንድ አይደለም። (ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ አንቺ እያልኩሽ ልቀጥል።) ነጭ ወረቀት ያዢና ቅጠሉን ላዩ ላይ መታ መታ አድርጊው። የበርበሬ ብናኝ የምታህል ነገር ወድቃ፣ ትንሽ ቆይታ መሄድ ከጀመረች ማይት ነው። ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ስለሆነ ብዙው የነፍሳት መድኃኒት አይነካውም፤ ይልቅ ማይቱን እየበሉ ልክ የሚያስገቡትን ፈጅቶ ሜዳውን ይለቅለታል። እኔም ጀማሪ ሆኜ የሰው አጥር ሙሉ ጽጌረዳ እንዲህ ጨርሻለሁ፣ ዛሬም በዚያ በር የማልፈው አንገቴን ደፍቼ ነው።

ማይት ሙቀት፣ ደረቅ አየርና አቧራ ይወዳል። ድሬን ይወዳል ማለት ነው። ስለዚህ በማለዳ የቅጠሉን ሆድ ከታች ወደ ላይ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቢው። ፀሐይ ስትበርድ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠሽ እዚያው ሆዱ ላይ እርጪ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሪና አንድ ቀን ጠብቂ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፣ እሱን ተዪው። ሳሙና እንቁላሉን ስለማይጨርስ በየ5 ቀኑ አንዴ፣ ሦስት ዙር ድገሚ። ኒም በሰፈሩ ሞልቶ የለ? ፍሬውን ወቅጠሽ ውሃ ውስጥ አሳድረሽ፣ አጥልለሽ መርጨትም ያግዛል፤ ከቅጠሉ ፍሬው ይበረታል።

የእህትሽ አመዳይ ነው፣ ፈንገስ። ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ይመቸዋል፤ ግቢው በግንብ ታፍኖ ነፋስ ካጣ ደግሞ ይበልጥ ይደላዋል። መሀሉን ገርዛ ታሳሳው። 1 ሲኒ ወተት በ9 ሲኒ ውሃ አቅጥና፣ በሳምንት አንዴ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ትርጭበት። ድኝም ይሠራል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ቅጠል ስለሚያቃጥል አንቺ ድሬ ላይ እንዳትሞክሪው። የተረፈችሽን የመድኃኒት ጠርሙስ ደግሞ ለእሷ እንዳትልኪላት።