ታምቡሩን በኮምፕሬሰር አትንፋ

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የአይሱዙህን የኋላ ፍሬን ሸራ (ታምቡሩን እየፈተገ መኪናውን የሚያቆመውን ንጣፍ) በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀይረሃል። አሁንም ፍሬን ስትይዝ ይጮሃል፤ ፔዳሉም ይንቀጠቀጣል። ታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ በተከፈተ ቁጥር የሚገኘውን አቧራ በኮምፕሬሰር እንደምትነፋውና ረዳትህን ሰሞኑን እንደሚያስለው የጠቀስከው በመጨረሻ ነው። እኔ ከዚያ እጀምራለሁ፦ ኮምፕሬሰሩን ተወው፤ በአቧራው ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል።

ፔዳል የሚያንቀጠቅጠው ሸራ አይደለም፤ ታምቡሩ ክብነቱን ያጣ ይመስለኛል። የታምቡሩን የውስጥ ስፋት በተለያየ አቅጣጫ አስለካው፤ ልኬቱ ከተለያየ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ከአንተ በፊት የነካው ሰው ታምቡሩን ቶርኖ ቤት በመላክ ፈንታ አዲሱን ሸራ እየሞረደ አስገጥሞት ይሆናል። ይህን አሠራር ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ መኪናውንም ሠራተኛውንም ይጎዳል። ሁለቱንም የኋላ ታምቡሮች በእኩል ልክ አስጠርባቸው፤ ታምቡሩ ላይ ከተቀረጸው ከፍተኛ ልኬት ካለፉ አዲስ ግዛ። የፍሬን ሲሊንደሩን ላስቲክም ገልጠህ ዘይት ያፈስስ እንደሆነ እይ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም።

የአምራች ስም በሌለው ካርቶን የሚሸጠውን ርካሽ ሸራ ተወው። አስቤስቶስ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም። አሜሪካ እንኳን ለመለዋወጫ የሚሸጠውን የአስቤስቶስ ሸራ የሚከለክል ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ስለዚህ ያልታወቀውን ሁሉ አለበት ብለህ ያዘው።

አስቤስቶስ እንደ ቃጫ የሚተረተር ድንጋይ ነው። ሌላ ድንጋይ ሲደቅ ዱቄት ይሆናል፤ ይህ ግን በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል፣ ዓይን እስከማያየው ድረስ። ተራውን አቧራ አፍንጫና አክታ ይይዙታል፤ ይህ ቀጭኑ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይገባል። እዚያ ያለው ጠባቂ ሕዋስ ሊውጠው ይሞክራል፤ ቃጫው ከሕዋሱ ስለሚረዝም አልዋጥ ይለዋል። ሕዋሱ ይሞታል፣ ቦታው ይቆስላል፣ ቃጫው ግን እዚያው ይቀራል። ቁስሉ ጠባሳ፣ ጠባሳው ሌላ ጠባሳ እየጨመረ ሳንባው ሲደነድን አስቤስቶሲስ ይባላል። የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰርም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር፤ ከእነርሱ መካከል በአስቤስቶስ ማዕድን ማውጫው አካባቢ ከመኖር በቀር ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ ነበሩ።

«ፍሬኑ ሲግል አስቤስቶሱ ይቃጠላል» የሚሉህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሙቀቱ አብዛኛውን ይለውጠዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። አዲስ ሸራ ሲሞረድ ደግሞ ጥሬው ነው የሚበነው።

የረዳትህ ሳል ከአስቤስቶስ አይመስለኝም፤ ያ በሽታ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ነገር ግን አቧራው ወደ ውስጥ እየገባ መሆኑን ይነግርሃል። ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ ሥራውን ይናገር። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፤ አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጅግ ይበዛል።

ታምቡሩን ስትከፍት ጥቂት ሳሙና ያለበት ውሃ በቀስታ ርጭና እስኪርስ ጠብቅ። በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ ጨርቁን በሁለት ፌስታል ቋጥረህ ጣል። ደረቅ ብሩሽ አይነካውም፤ ኮምፕሬሰር በፍጹም። የጨርቅ ጭምብል ይህን አቧራ አያግድም። ቱታህንም ወደ ቤት አትውሰደው፤ ልብስ ከማጠብ ብቻ የታመሙ የሠራተኛ ሚስቶች አሉ።

ታምቡሩን ወደ ቶርኖ ቤት ከመላክህ በፊትም በእርጥቡ ጥረገው፤ እዚያ ያለውም ሰው ይተነፍሳል።