ወጣት ፈረስን በዛብ (ከልጓሙ እስከ ጋላቢው እጅ በሚዘረጋው ጠፍር) ማዞር፦ አባ ዛብን ጠይቁ

የዳንግላው፦ ጋሼ፣ ፈረሴ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ ልጓም ለምዷል። ግራ ዛብ ስስብ ራሱን ብቻ አዙሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አባ ዛብ፦ በትከሻው እያመለጠህ ነው። ዛቡን ወደ ሆድህ ትስባለህ፤ ያ ለፈረስ «ቁም» ነው። እጅህን ከአንገቱ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ጎን አውጣ። የግራ ዓይኑ ሽፋሽፍት ብልጭ ካለልህ በቂ ነው፤ ጉንጩ ሙሉ ከታየህ አብዝተሃል። ቀኝ ዛብ አንገቱን ነክቶ ይቆይ፣ አይላላ፤ ትከሻውን የሚይዘው እሱ ነው። ቀኝ እግርህንም ከኮርቻው ሆድ ማሰሪያ አጠገብ ጫን አድርግ። የፊት እግሩ አንድ እርምጃ ወደ ግራ እንደሄደ ልቀቅ። ዘግይተህ ከለቀቅህ ምን እንደተፈለገበት አይገባውም፣ አፉ ይደነድናል።

ቡሬ፦ የኔ ፈረስ እምቢ ይላል። ምን ላድርግ?

አባ ዛብ፦ ምኑን ነው እምቢ የሚለው? መዞሩን? መቆሙን? ልጓሙን?

ሰበታ፦ ሳይቀመጡበት ማስተማር ይቻላል?

አባ ዛብ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ስምንት ስምንት ሜትር የሆኑ ሁለት ገመዶች ከራስ ማሰሪያው ግራና ቀኝ እሰር። እርካቦቹን ከሆዱ ሥር እርስ በርስ አገናኝተህ ገመዶቹን በውስጣቸው አሳልፍ። እርግጫ ከማይደርስበት፣ ከኋላው ትንሽ ወደ ጎን ሆነህ ተከተል። ገመድ እጅህ ላይ አትጠምጥም፤ ቢደነብር ይጎትትሃል። መጀመሪያ «ሂድ» እና «ቁም»፣ ከዚያ ወደ ሃያ እርምጃ ስፋት ያለው ክብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በግራ የተማረውን በቀኝ እንደ አዲስ አስተምረው። ልክ ሲዞር ልቀቅ!

እንጅባራ፦ ለጥር 23፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ሁለት ወር ቀርቷል፤ በአንድ እጅ እንዲመራ እፈልጋለሁ።

አባ ዛብ፦ ለዘንድሮ አይደርስም። ለከርሞ ከሆነ፣ ወደ ግራ ስትዞር መጀመሪያ ቀኙን ዛብ አንገቱ ላይ አሳርፍ፣ አንድ ትንፋሽ ጠብቅ፣ ካልዞረ ግራውን ወደ ጎን አውጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የአንገቱ ንክኪ ትርጉም አይኖረውም።

ሽምጥ፦ ይህ ሁሉ ለምን? የአባቶቻችን ባለ ቀለበት ልጓም በሁለት ቀን ያዞረዋል።

ሰበታ፦ ቀለበቱ እኮ የታች መንጋጋውን ነው የሚጨምቀው። አንዱን ዛብ ብትስብ መንጋጋው በሙሉ ይታመማል፣ ግራና ቀኙን በምን ይለያል?

ሽምጥ፦ ጉግስ የሚጫወቱት በምን ነበር ታዲያ?

ሰበታ፦ በተገራ ፈረስ! ጋሻና ዘንግ ይዞ ዛብ የሚጎትት የለም፣ በአንገቱ ነው የሚያዞሩት።

አባ ዛብ፦ ሰበታ ልክ ነው። ጉግሱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ቢሾፍቱ፦ ሁለት ዓመት ተኩል ነው፣ ልቀመጥበት?

አባ ዛብ፦ አይሆንም፣ ሦስት ይሙላው። ያኔም 230 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ጋላቢው ከነኮርቻው ከ46 ኪሎ አይብለጥ፣ አንድ አምስተኛው ማለት ነው። አንተ ስንት ትመዝናለህ?

ቢሾፍቱ፦ 78። ደግሞ ሰሞኑን ልጓም ሲገባለት ራሱን ይወዘውዛል።

አባ ዛብ፦ እንግዲያው ቀለል ያለ ልጅ ፈልግ። በዚህ ዕድሜ የወተት ጥርሱን ይቀይራል፤ ሐኪም አፉን ሳያይ ብረት አታስገባ፣ እስከዚያ በገመዱ አሠራው።

ዳሞት፦ የፈረስ ዋጋ ስንት ገባ?

አባ ዛብ፦ ገበያ ውጣና እይ።