ልጄ «ለጥናት ነው» እያለ መቃም ጀመረ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፣ ከትምህርት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት እንደሚቅም ሰሞኑን ደረስኩበት፣ ስጠይቀው «ማሚ ለጥናት ነው፣ ሁሉም ይቅማል» አለኝ። አባቱን ተቆጣው ስለው ዝም ይላል፣ እሱም እሁድ እሁድ ቤት ይቅማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ «ሁሉም ይቅማል» ያለሽን ቀለል አድርገሽ አትለፊው። በዚህ እድሜ አብዛኛው ልጅ የሚጀምረው ለቅጠሉ ብሎ ሳይሆን ለጀማው ነው። መሀል ከተማ ላይ የ16 እና የ17 አመት ልጅ ከትምህርት ወጥቶ ሳይከፍል ቁጭ የሚልበት ቦታ እስኪ የት አለ? ካፌ ብር ይፈልጋል፣ በርጫው ላይ፣ ማለትም አብረው ተቀምጠው ሲቅሙ ግን ያዋጣሉ፣ አንዱ ጫት ይገዛል አንዱ ለውዝ ያመጣል፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው እስኪመሽ ሲያወሩ የሚሰማው ሰው ያገኛል። ስለዚህ ጓደኞቹን ከከለከልሽው ተደብቆ ነው የሚቀጥለው።

የጥናቱን ነገር እሱ ከልቡ ያምንበታል። ትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚደክም ነው ሻጮቹ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ውሃ እየረጩ የሚያቆዩት። ሲመረቅን፣ ማለትም ጫቱ ሲያነቃቃው መፅሀፉ ሁሉ የገባው ይመስለዋል፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ያነበበው በደንብ የሚቀመጠው ደሞ ሲተኛ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ደብቶት ይውላል፣ ከሰአት ሀራራው ሲመጣ እንደገና ይቅማል። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ጨብሲው ነው፣ ምርቃናውን ለመስበር ብለው ቢራ ይጀምራሉ፣ ሲጋራውም እዛው ይለመዳል፣ በአዋጅ 1112/2011 እድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሁለቱንም መሸጥ ክልክል ሆኖ እያለ ማለት ነው።

ባልሽስ ምን ብሎ ይቆጣ? እሁድ አባትየው ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ለውዝ ግዛ ተብሎ የሚላከው ልጁ ከሆነ፣ ልጁ ያየው የተከበረ የትልቅ ሰው ወግ ነው። ቢያንስ ቤት ውስጥ መቃሙን ይተው፣ ከዛ ለብቻቸው ሆነው ማቆም ምን ያህል እንደከበደው ለልጁ ራሱ ይንገረው፣ ይሄ ካንቺ መቶ ምክር ይበልጣል።

አንቺ ደሞ መርቅኖ ሲመጣ አትጨቃጨቂው፣ ቅዳሜ ጠዋት በልቶ ሲረጋጋ ከማን ጋር እንደሚቅምና ማን እንደሚከፍል ሳትጮሂ ጠይቂው። ጓደኞቹ እናንተ ቤት መጥተው ያጥኑ፣ ከ9 እስከ 12 ሰአት ያለውን ሰአት የሚሞላ ነገር ካላገኘ የትም አይደርስም፣ ምሳና ሻይ ካለ እመኚኝ ይመጣሉ። ሲያቆም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ዱካክም፣ ማለትም የሚያስጨንቅ ቅዠት ሊይዘው ይችላል፣ ያኔ ስንፍና ነው ብለሽ አትጫኚው። ሰው ይከታተለኛል ካለ ወይ የሌለ ድምፅ ከሰማ ግን ጊዜ አትስጪው፣ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ።