ስለ ቅንጬ አረም ለጠየቃችሁኝ

ጅማ ላይ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ስለ ቅንጬ አረም፣ በሌላ ስሙ ፓርቴኒየም፣ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጎመኔ መሐል ቅጠሉ የካሮት የሚመስል፣ ነጫጭ ትንንሽ አበባ ያለው ነገር በቅሏል። ቅንጬ ነው? (ከፈረንጅ አራዳ)

ከገለጽሽው ይመስላል እህቴ። ለማረጋገጥ ገና ያላበቡትን ትንንሾቹን እዪ። ቅንጬ ለጋ ሲሆን ቅጠሎቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ቆይቶ መሐሉ ላይ ጠንካራ ግንድ ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ሲመቸው ከሰው ወገብ ያልፋል። አበባው ብትንትን ያለ፣ ነጣ ያለ፣ የተከካ ስንዴ የሚያክል ነው። በባዶ እጅሽ ግን አትንኪው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማንም አልዘራውም፤ ከየት መጣ?

የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና የካሪቢያን አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ የታወቀው በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ነው። ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ አልቀረም ይባላል። ወደ ግቢህ የሚገባው ደግሞ በአሸዋ፣ በተገዛ አፈር፣ በድርቆሽ፣ በመኪና ጎማ፣ በጫማ ጭቃና በጎርፍ ነው። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። አሸዋ የተራገፈበት ቦታ ላይ ከዝናብ በኋላ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ከመንገድ ዳር ከሚግጡ ከብቶች የመጣ ጥሬ ፍግም ዘሩን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሳይበሰብስ መደብ ላይ አትበትኑት።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ እነቅላለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። ተስፋ ቆርጫለሁ። (ከቦሳ ኪቶ)

ተስፋ አትቁረጪ። ከነሥሩ እስከነቀልሽው ድረስ የሚመጣው ያው ተክል አይደለም። አፈር ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ዘር ነው። አንድ እግር ቅንጬ 15,000 እና ከዚያም በላይ ዘር ያፈራል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ዋናው ሥራ አንድም እግር እንዳያፈራ ማድረግ ነው።

ከበቀለ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። እርጥበት ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል፤ ጅማ ደግሞ እርጥበት አይጎድላትም። እኔ የምመክረው በየ10 ወይም በየ15 ቀኑ ግቢውን መዞር ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት አፈሩ ለስልሶ ስለሚውል ሥሩ ሳይበጠስ ይወጣል። ሥሩ ወደ ታች ስለሚሄድ በዶማ ጫፍ ፈንቅለሽ ሳቢው። በማጭድ አትጨጂው። ከጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ፣ ዝቅ ብሎ ያብባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከነቀልሽ በኋላ ቦታውን ባዶ አትተዪው። ቅንጬ የሚወደው የተራቆተ አፈር ነው። የእኛ ከተማ የቡና ገለባ አላት፤ የበሰበሰውን 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሺው፣ ከተክሉ ግንድ ራቅ አድርገሽ። ትኩሱን ገለባ ግን መጀመሪያ ከምረሽ አብሰብሺው። የሙዝና የእንሰት ቅጠልም ይሆናል። ከዚያ ስኳር ድንች ወይም ዱባ ትከዪበት፤ መሬቱን ቶሎ ይሸፍኑታል። አላስፈላጊ ቁፋሮም ይቅር፤ የተቀበረውን ዘር ወደ ላይ ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ ስነቅል እጄና አንገቴ ያሳክከኛል። ልጄም ያስነጥሰዋል።

ይህን ቀላል አታድርጉት። አረሙ ቆዳ ያስቆጣል፣ ብናኙ ደግሞ አፍንጫና ደረት ያስቸግራል። መጀመሪያ ምንም ያላደረገው ሰው እየደጋገመ ሲነካካው ቆይቶ ሊጀምረው ይችላል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ማስክ አድርጋችሁ ሥሩ። ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሱንም ለብቻው እጠቡት። አስም ያለበት ሰው አይንቀል፣ ልጆችም አይላኩ። ትንፋሽ ካጠረ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ብረጭበትስ? ጨውስ?

ጨው አትክልት ቦታ ላይ በፍጹም! አፈሩን ነው የሚያበላሽብህ። መድኃኒትን በተመለከተ፣ ግላይፎሴት የሚባለው ፀረ አረም ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ይገድላል። ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለው ሌላው ፀረ አረም በቆሎና ሣር ይተዋል፣ ግን ነፋስ ከወሰደው ቡናህን፣ ቲማቲምህንና ጎመንህን ይጎዳል። ሁለቱም አፈር ውስጥ ያለውን ዘር አይነኩም። ለጓሮ በእጅ መንቀል ይሻላል ባይ ነኝ። ሰፊ ባዶ ቦታ ካለህ ግን ሳያብብ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ የግብርና ባለሙያ አማክረህ መርጨት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ የሚበላው ነፍሳት አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

አለ። ዚጎግራማ የምትባል ቅጠል በል ጥንዚዛና ግንዱን የሚሰረስር ነቀዝ ተጠንተው በአገራችን ተለቀዋል። ይህ ግን ለሰፊ ግጦሽ መሬት የታሰበ፣ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። ጓሮ ውስጥ ጥንዚዛ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ለላሚቱ ብሰጣትስ?

አይሆንም። ወተቱን መራራ ያደርገዋል፣ ሥጋውንም ጣዕም ያበላሻል። ብዙ ከበላች ራሷም ትታመማለች።

ጥያቄ፦ የነቀልኩትን የት ልጣለው? (ከጅሬን)

ያላበበውን ኮምፖስት ውስጥ መክተት ይቻላል። ያበበውን ግን አጥር ሥር አትከምረው። ከተነቀለ በኋላም ዘሩ ሊበስል ይችላል። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተህ እሰረው፣ ሲደርቅ አቃጥለው፣ ከጭሱም ራቅ። እየዘነበ ማቃጠል ካልተቻለ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው። ወደ ቦይ ወይም ወደ አዌቱ ወንዝ እንዳትጥለው፤ ውሃው ዘሩን ለታችኛው ሰፈር ያደርሰዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ግቢ ጸድቷል፤ የጎረቤቴ ባዶ ቦታና የመንገዱ ዳር ግን ሞልቷል።

እንግዲህ ከአጥር ውጭም መሥራት ግድ ነው። ከአጥርህ ወዲያ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር አጽዳ፣ የቦዩንም ዳር። ጎረቤትህን በሰላም አነጋግረው፤ ብዙ ሰው አረሙን አበባ ብሎ ነው የሚተወው። ሰፈራችሁ እድር ካለው ነገሩን እዚያ አንሳው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከማበቡ በፊት፣ ሁሉም ጓንቱንና ዶማውን ይዞ ይውጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ዳግም ውጡ፤ በመጀመሪያው ዙር ያልበቀለው ዘር ያኔ ብቅ ብሎ ይገኛል።